ብረት ድስት የመሰለው ራዲዮ፤ ማንነቱና ታሪኩ

የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ጸሐፊው ያልታወቀ የብራና መጽሐፍ ባገኙ ጊዜ፥ ፈጥነው ስም አይሰጡትም። ብራናውን ይዳስሳሉ፤ የፊደሉን አጣጣል ይመለከታሉ፤ ቀለሙን ይመረምራሉ፤ በኅዳጉ የተጻፈ ቢኖር ያነባሉ። ከዚህም በኋላ በየትኛው ዘመንና ለማን እንደ ተጻፈ ይናገራሉ። በብረትና በሽቦ የተሠራ ዕቃም እንዲሁ ነው። ስሙ ቢጠፋ አካሉ ይመሰክራል፤ አካሉ ያልነገረውንም ታሪክ ይነግራል። ለዚህ ነገር ምሳሌ የሚሆን አንድ የአጭር ሞገድ ራዲዮ መቀበያ አለ። ይኸውም ዛሬ ዛምቢያ በምትባለው፥ ቀድሞ ሰሜን ሮዴዥያ ትባል በነበረችው አገር፥ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1949 የወጣው ነው። ከዚህ በታች የሚጠሩት ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው።

ይህን ዕቃ ድንገት ያየ ሰው ራዲዮ ነው አይልም። ክብ ነው፤ ስፋቱ ከዳር እስከ ዳር 9 ኢንች፥ ማለት 23 ሳንቲሜትር ያህል ነው። አካሉ አሉሚኒየም፥ ቀለሙም ሰማያዊ ነው። በዚያ ዘመን ለባለጸጎች ቤት ይሠሩ እንደ ነበሩት ራዲዮዎች በጌጠኛ እንጨት አልተሠራም፤ እጀታ የሌለው ብረት ድስት ይመስላል። ታሪኩን የማያውቅ ሰው ከአሮጌ ዕቃ ጋራ ቢጥለው አያስደንቅም።

መርማሪ ግን ምልክቶቹን አንድ በአንድ ይከተላል። በመጀመሪያ፥ ዕቃው የሚሠራው በባትሪ ነው፤ ስለዚህም የኤሌክትሪክ መብራት ላልገባበት አገር እንደ ታሰበ ይታወቃል። ሁለተኛ፥ በውስጡ ቫልቭ የሚባሉ አራት የመስተዋት አምፑሎች አሉ። ትራንዚስተር ያለው ራዲዮ ለገበያ የቀረበው በ1954 ነውና፥ በቫልቭ ብቻ የሚሠራ የባትሪ ራዲዮ ከዚያ በፊት ወይም በዚያው ዘመን አካባቢ የተሠራ እንደ ሆነ መገመት ይቻላል። ሦስተኛ፥ አጭር ሞገድን ይቀበላል። አጭር ሞገድ ወደ ላይ ወጥቶ በከፍተኛው አየር ላይ ነጥሮ ወደ ምድር ስለሚመለስ፥ ከአንድ ጣቢያ ተነሥቶ እጅግ ሩቅ አገር ይደርሳል፤ ስፋቷ ከ750 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ለሚበልጥ አገርም የተመቸ ነው። አራተኛ፥ ሠሪው ኤቨር ሬዲ የተባለው የእንግሊዝ የባትሪ ኩባንያ ነው። በዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በአሜሪካም ተመሳሳይ ስም ያለው ሌላ የባትሪ ኩባንያ ነበረና፥ ስሙን ብቻ ያነበበ ሰው የአንዱን ታሪክ ለሌላው ይሰጣል።

ነገር ግን እነዚህ ምልክቶች ሁሉ ዕቃው ስለ ምን ድስት መሰለ ለሚለው ጥያቄ መልስ አይሰጡም። በቅኔ ትምህርት ሰሙን ብቻ ይዞ የቀረ ተማሪ ወርቁን እንደማያገኝ፥ መልኩን ብቻ ያየም ምሥጢሩን አያገኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሉሳካ ከተማ በ1941፥ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፥ ትንሽ የራዲዮ ጣቢያ ተቋቋመ። የማስታወቂያው ሹም ሃሪ ፍራንክሊን የሚባል እንግሊዛዊ ነበረ። ጣቢያው ለአፍሪካውያን በየቋንቋቸው፥ በቤምባ፥ በኒያንጃ፥ በቶንጋ፥ በሎዚና በሌሎችም ይናገር ነበር። ነገር ግን ተናጋሪ ቢኖር መስሚያ አልነበረም፤ የራዲዮ ዋጋ ከድኻው አቅም በላይ ነበረና። ፍራንክሊንም ርካሽ የባትሪ ራዲዮ እንዲሠሩለት የእንግሊዝን ፋብሪካዎች ሦስት ዓመት ያህል ለመነ። እነርሱ ግን አፍሪካዊው ገበሬና ሠራተኛ ራዲዮ ይገዛል ብለው አላመኑም። በመጨረሻ ኤቨር ሬዲ እሺ አለ። ለሙከራ ከተሠሩትም አንዱ፥ ለብረት ድስት ተብሎ በተዘጋጀ የአሉሚኒየም አካል ውስጥ ተገጠመ። ከዚህም የተነሣ «ሶስፓን ስፔሻል» ተባለ፤ ልዩው ብረት ድስት ማለት ነው።

ዋጋው 5 ፓውንድ ሆነ፤ 300 ሰዓት የሚያገለግለው ባትሪ ደግሞ 1 ፓውንድ ከ5 ሽልንግ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት 1,500 ተሸጠ፤ በሚከተሉት ጥቂት ዓመታትም 50,000 ያህል ወደ አገሩ ገባ። አይገዛም የተባለው ሰው ገዛ። አሊክ ንካታን የመሰሉ ያገሩ ልጆችም የሕዝቡን ዘፈን ሰብስበው በጣቢያው አሰሙ፤ አድማጮችም ሐሳባቸውን በደብዳቤ ይልኩ ነበር።

መስማት ግን ማመን አይደለም። በ1953 ሰሜን ሮዴዥያ፥ ደቡብ ሮዴዥያና ኒያሳላንድ በአንድ ፌዴሬሽን ሲጣመሩ፥ አፍሪካውያን የነጮች ሰፋሪዎች አገዛዝ ይጸናብናል ብለው እጅግ ተቃወሙ። ጣቢያው የመንግሥቱን ሐሳብ ባሰማ ጊዜ፥ ቀድሞ ይወዱት የነበሩት ሰዎች ተጠራጠሩት። ራዲዮውን የሰጠ እጅ፥ የሰሚውን ልብ አብሮ ሊገዛ አልቻለም። ፌዴሬሽኑም በ1963 ፈረሰ፤ በ1964 ዛምቢያ ነጻነትዋን አገኘች።

እንግዲህ አንባቢ ያስተውል። የአሮጌ ዕቃ ምርመራ በሠሪው ስምና በተሠራበት ዓመት አይፈጸምም። «ለማን ተሠራ? በእርሱስ ማን ምን ሰማ?» ተብሎ ሲጠየቅ ነው የሚፈጸመው። በየቤቱ ድምፁ የጠፋ ራዲዮ በአቧራ ተሸፍኖ ይገኝ ይሆናል። ያገኘው ሰው ከመጣሉ በፊት ባለቤቱን ይጠይቅ፤ ባለቤቱ አልፎ እንደ ሆነ ሽማግሎችን ይጠይቅ፤ የሰማውንም ይጻፍ። ዕቃው ዝም ቢልም፥ የሰሙት ሰዎች ገና ሊናገሩ ይችላሉና።