የንጉሠ ነገሥቱ የእጅ ሰዓት

ሆድ ዕቃቸው የሚታይ የጥንት ሰዓቶችን አድነው የሚሰበስቡ አሉ፤ የእነዚህ ሰዓቶች ገጽ ተፈልፍሎ ስለሚነሣ ጥርሳም መዘውሮቻቸው ሲዞሩ ከውጭ ይታያሉ። ለታሪክ ተማሪ ግን የሚበልጠው ሰዓቱ ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈበት መንገድ ነው። ለምሳሌ ያህል ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1947 ዓ.ም. ስዊዘርላንድን ሲጎበኙ የተበረከተላቸውን የፓቴክ ፊሊፕ የወርቅ ሰዓት እንመልከት። የዚህ ሆድ ዕቃ አይታይም፤ ሆኖም ቀንን፣ ወርንና ጨረቃን ያሳያል፤ የፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 28 ወይም 29 ቀን መሆኑንም ሳይነገረው ያውቃል። (ጳጉሜን ግን አያውቃትም!)

ክሪስቲስ የተባለው የጨረታ ድርጅት በ2008 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ ሊሸጠው ሲል የባለቤትነት ጥያቄ ተነሥቶ ከጨረታው ወጣ። በ2010 ዓ.ም. እንደገና ቀርቦ ወደ 2.9 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ ተሸጠ። የፋብሪካው መዝገብ ሰዓቱ የተሠራበትንና መጀመሪያ የተሸጠበትን ጊዜ ይናገራል፤ ከቤተ መንግሥት እንዴት እንደ ወጣ ግን አይመዘግብም። ይህን ተመራማሪው ከደብዳቤ፣ ከፎቶግራፍና በሕይወት ካሉ ምስክሮች መፈለግ ይኖርበታል።