የእንግሊዝኛ ቋንቋ ከንቀት ወደ ክብር የተመለሰበት ታሪክ

እንግሊዝኛ የሚማር ልጅ ሁሉ መምህሩን አንድ ነገር ሳይጠይቅ አይቀርም፤ ይኸውም የማይነበብ ፊደል ስለ ምን ይጻፋል የሚለው ነው። «ናይት» የሚለው ቃል፥ ትርጓሜው ፈረሰኛ ጦረኛ የሆነው፥ በስድስት ፊደል ይጻፋል፤ ከነዚህ ግን «ኬ»፥ «ጂ» እና «ኤች» የተባሉት ሦስቱ ድምፅ የላቸውም። ምክንያቱ የሚገኘው በታሪክ ውስጥ ስለ ሆነ፥ አንባቢ ሆይ፥ ጥቂት ወደ ኋላ ተመልሰን እንመልከት። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

እንግሊዝኛ ለብሪታንያ ደሴት የጥንት ቋንቋዋ አልነበረም። የሮማ መንግሥት ሠራዊቱን ካነሣ በኋላ፥ በ5ኛው መቶ ዓመት፥ አንግሎች፥ ሳክሶኖችና ጁቶች የተባሉ ነገዶች ዛሬ ጀርመንና ዴንማርክ ከሚባሉት አገሮች ባሕር ተሻግረው በዚያ ሠፈሩ፤ ቋንቋውም ከነርሱ ጋር መጣ። ከ871 እስከ 899 የነገሠው አልፍሬድ ሕዝቡ በገዛ ቋንቋው ይማር ዘንድ የላቲን መጻሕፍት ወደ እንግሊዝኛ እንዲመለሱ አደረገ።

ነገር ግን በ1066 የኖርማንዲው መስፍን ዊልያም በሄስቲንግስ ጦርነት ድል አድርጎ ዘውድ ጫነ። ከዚያ ወዲህ ቤተ መንግሥቱና መኳንንቱ የሚነጋገሩት በፈረንሳይኛ፥ ካህናቱ የሚጽፉት በላቲን ሆነ፤ እንግሊዝኛም የአራሽና የእረኛ ቋንቋ ተብሎ ተናቀ። የዚያ ዘመን ምልክት እስከ ዛሬ በገበታ ላይ ይታያል። በሬው በመስክ ሳለ «ኦክስ» ይባላል፤ ሥጋው ተሠርቶ ሲቀርብ ግን «ቢፍ» ነው። በጉም በግጦሽ «ሺፕ»፥ በሳሕን «መተን» ይባላል። የፊተኞቹ ስሞች እንግሊዝኛ፥ የኋለኞቹ ከፈረንሳይኛ የመጡ ናቸው። ከብቱን የሚጠብቀው አንዱ፥ ሥጋውን የሚበላው ሌላው እንደ ነበረ ቃላቱ ራሳቸው ይመሰክራሉ።

ታዲያ ይህን የተናቀ ቋንቋ ምን አዳነው? ከሁሉ አስቀድሞ ያዳነው እናቶች በቤት፥ ገበሬዎች በእርሻ፥ ነጋዴዎች በገበያ መናገራቸውን አለመተዋቸው ነው። በ1204 ንጉሥ ጆን ኖርማንዲን ባጣ ጊዜ መኳንንቱ ከፈረንሳይ ጋር የነበራቸው ግንኙነት ላላ። በ1348 የገባው ታላቅ ቸነፈር ከሕዝቡ ሲሦ የሚያህለውን ወይም ከዚያም የሚበልጠውን ስለ ፈጀ፥ የተረፈው ሠራተኛ ዋጋው ከፍ አለ፤ ቋንቋውም አብሮ ተፈላጊ ሆነ። በ1362 ፓርላማው በችሎት የሚደረገው ክርክር በእንግሊዝኛ እንዲሆን ደነገገ። የሚያስገርመው ድንጋጌው ራሱ የተጻፈው በፈረንሳይኛ መሆኑ ነው።

በ1476 ዊልያም ካክስተን በዌስትሚኒስተር የማተሚያ መኪና አቆመ። ቋንቋው ግን ገና አንድ ወጥ አልነበረም። ካክስተን በ1490 እንደ ተረከው፥ በቴምዝ ወንዝ ነፋስ ያጡ ነጋዴዎች ወደ አንዲት ሴት ቤት ሄደው «ኤግስ»፥ ማለት ዕንቍላል፥ ቢለምኑ፥ ፈረንሳይኛ አላውቅም ብላ መለሰች። ለማኙም ፈረንሳይኛ አያውቅምና ተቈጣ። ሌላው «ኤይረን» ባላት ጊዜ ግን ገባት። ሁለቱም እንግሊዝኛ ነበሩ።

አታሚዎች የቃላቱን አጻጻፍ ቀስ በቀስ ሲያጸኑት፥ ከ1400 እስከ 1700 ገደማ የሕዝቡ አነጋገር እጅግ ተለወጠ። «ናይት» ቀድሞ «ክኒኽት» ተብሎ ይነገር ነበረ፤ ፊደሉ ቀረ፥ ድምፁ ሄደ። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ሀ፥ ሐ እና ኀ በጥንቱ ግዕዝ ድምፃቸው ልዩ ልዩ ነበረ፤ በአማርኛ ግን አንድ ሆነው ሳሉ ሦስቱንም እንጽፋቸዋለን።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ እንግሊዝኛ ወደ ክብሩ የተመለሰው ከባዕድ ቃል ንጹሕ ሆኖ አይደለም፤ ያሸነፉትን ሰዎች ቃላት ሳይቀር የራሱ አድርጎ ነው። ቋንቋን የሚያጠፋው መዋስ ሳይሆን ባለቤቱ የሚናገርበትንና የሚጽፍበትን ሲተው ነው። ተማሪውም የማይነበበውን ፊደል ባየ ጊዜ አይማረር፤ የቀድሞ ሰዎች ድምፅ የተቀበረበት ሐውልት ነውና።