ከሲዳማ ሳምንት እስከ ማክስዌል ጋኔን

በሲዳማ ባህላዊ አቆጣጠር ሳምንቱ አራት ቀን ነው፤ ዲኮ፣ ዴላ፣ ቀዋዶ እና ቀዋላንካ። ከሐዋሳ መሃል ከተማ በስተደቡብ ባለችው ቱላ ቀኑ የጠፋበት እንግዳ፣ «አዎ» ወይም «አይደለም» የሚያሰኙ ሁለት ጥያቄዎች ይበቁታል። «ዲኮ ወይም ዴላ ነው?» ብሎ ግማሹን ይጥላል፤ ከቀሩት ከሁለቱ አንዱን ጠርቶ ይጨርሳል።

አሜሪካዊው ክላውድ ሻነን በ1948 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ነው) መረጃን የለካው በዚሁ መንገድ ነው። የመልእክት ክብደት የሚያስወግደው ጥርጣሬ ነው፤ አራቱ ቀናት እኩል ዕድል ካላቸው መልሱ 2 ቢት፣ ማለትም ሁለት የ«አዎ» ወይም «አይደለም» ጥያቄ ያህል ይመዝናል። ቀኑን አስቀድሞ ለሚያውቅ ግን ዜሮ ነው። አያንቶ የሚባሉት የሲዳማ ኮከብ ቆጣሪዎች ከዋክብት ተመልክተው የአዲስ ዓመቱን በዓል የፊቼ ጨምበላላን ቀን እስኪያስታውቁ በጉጉት የሚጠበቁትም ቃላቸው ይህን ጥርጣሬ ስለሚቆርጥ ነው።

ሻነን መለኪያውን «ኢንትሮፒ» አለው። ስሙ ግን የሙቀት ሳይንስ ነበር፤ በ1865 ያወጣው ጀርመናዊው ሩዶልፍ ክላውዚየስ ነው። በ1877 ኦስትሪያዊው ሉድቪግ ቦልትዝማን፣ ኢንትሮፒ የአንድ ጋዝ ሞለኪውሎች በስንት ዓይነት ሊደረደሩ እንደሚችሉ ከመቁጠር እንደሚገኝ አሳየ። የሻነንና የቦልትዝማን ቀመር መልክ አንድ ነው። ዝምድናቸው ግን የመልክ ብቻ ነው ወይስ የሥጋ?

ጥያቄው ከሻነን ይቀድማል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ክላርክ ማክስዌል በ1867 ለወዳጁ ለታይት በጻፈው ደብዳቤ፣ በኋላ «የማክስዌል ጋኔን» የተባለውን ረቂቅ ፍጡር አሰበ። ጋኔኑ በሁለት ክፍሎች መካከል ባለች በር ላይ ቆሞ ፈጣኖቹን ሞለኪውሎች ወደ አንዱ፣ ዘገምተኞቹን ወደ ሌላው ያሳልፋል። አንዱ ክፍል ያለ ድካም ይሞቃል፣ ሌላው ይቀዘቅዛል፤ ሙቀት በራሱ ከቀዝቃዛ ወደ ሙቅ አይሄድም የሚለው የሙቀት ሕግም ይጣሳል።

ሃንጋሪያዊው ሊዮ ዚላርድ በ1929 የጋኔኑ ኃይል ዕውቀቱ እንደሆነ ተረዳ፤ ለማወቅም ዋጋ ይከፈላል አለ። ዋጋው የት እንደሚከፈል ያገኘው ግን የአይቢኤሙ ሮልፍ ላንዳወር ነው። በ1961 አንድ ቢት ከማህደረ ትውስታ ሲሰረዝ የግድ ሙቀት እንደሚወጣ አሰላ። ባልደረባው ቻርልስ ቤኔት በ1982 ሒሳቡን ወደ ጋኔኑ አመጣው፦ ያየውን ሁሉ ለዘላለም መዝግቦ መያዝ አይችልም፤ መዝገቡን ሲያጠፋ ያተረፈውን መልሶ ይከፍላል።

በክፍል ሙቀት አንድ ቢት የመሰረዝ ዝቅተኛ ዋጋ 3 ዜፕቶጁል ገደማ ነው፤ አንድ ጁል ለሺህ ቢሊዮን ቢሊዮን ሲከፈል፣ ከዚያ የሦስቱን ያህል ማለት ነው። በ2012 በፈረንሳይ ሊዮን የሚገኙ ተመራማሪዎች በሌዘር በያዟት ደቃቅ ቅንጣት ላይ ሞክረው፣ አማካይ ሙቀቱ ከዚህ የላንዳወር ወሰን በታች እንደማይወርድ አዩ። ዝምድናው የሥጋ ሆኖ ተገኘ። የዛሬ ኮምፒውተሮች ከዚህ ወሰን በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ሙቀት ስለሚያባክኑ፣ መሐንዲሶች ገና ብዙ የሚቆጥቡት አላቸው።