ያማሃ ኤስጂ-2000
ኤሌክትሪክ ጊታር፣ ጃፓን፤ ሞዴሉ ገበያ ላይ የዋለው በ1976 እ.ኤ.አ.

ገላው ከአንገቱ ግራና ቀኝ ጎድጎድ ተደርጎ ተቆርጧል፤ የተጫዋቹ ጣት እስከ ቀጫጭኖቹ ድምፆች እንዲደርስ ነው። ጊታር ተጫዋቹ ካርሎስ ሳንታና የቀደመውን የያማሃ ሞዴል ሞክሮ፣ ከበድ ያለና ድምፁ ቶሎ የማይሞት ጊታር እንዲሠራለት ጠየቀ። የያማሃ ባለሙያዎች የሰጡት መልስ ድንቅ ነው፦ አንገቱ ገላው ላይ አልተለጠፈም፣ መሃል ለመሃል እስከ ታች ይዘልቃል። ክሮቹ ከሚያርፉበት በርኩማ ሥርም የናስ ዝርግ ተቀብሯል። ትከሻ ላይ ይከብዳል፤ አንዴ የተመታ ድምፅ ግን ቆይቶ ይዘምራል።

ያገለገለ የሚገዛ ሰው ከሁሉ በፊት አንገቱን በቁመቱ አነጣጥሮ ይመልከት። ከገላው ጋር አንድ ስለሆነ፣ ከተጣመመ ፈትቶ መቀየር አይቻልም። የተፋቀ ቀለም ብዙ አያሳስብም።