ለእያንዳንዱ አፈ ሙዝ የራሱ እርሳስ

(በሬዲዮ የተነገረ)



ስለ አምስቱ ዓመት ተጋድሎ በተነገረ ቁጥር የጀግናው ልብ ይመሰገናል፤ የዝናሩ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ይሁን እንጂ ጠመንጃ ያለ ጥይት ምርኩዝ ነው። ጥይቱም ቢገኝ ልኩ ካልሆነ፣ የአንዱን ቤት ቁልፍ ይዞ ከሌላው ጓጉንቸር ጋር እንደ መታገል ያለ ነው። የዛሬው ንግግራችን ይህን የተዘነጋ ጉዳይ ይመለከታል፤ ይኸውም የጥይት እርሳስ የሚፈስበትን ቅርጽ መምረጥ ምን ያህል እውቀት እንደሚጠይቅ፣ ይህም እውቀት በአገው ምድር፣ ዛሬ አዊ ዞን በሚባለው በእንጅባራና በዳንግላ አገር፣ ለተዋጋው አርበኛ ምን ትርጉም እንደ ነበረው ነው።

የጎጃም ሽማግሌ የጠመንጃን ዓይነት እንደ ፈረስ ስም ለይቶ ያውቃል፤ ስናድር፣ ውጅግራ፣ ለበል፣ ምንሽር፣ ቤልጅግ እያለ ይጠራል። ከነዚህ ውስጥ ስሙ በሰፊው የታወቀው ውጅግራ ነው። የስሙ ምንጭ ፈረንሳይኛ ነው። «ፉዚ» ማለት ጠመንጃ ሲሆን፣ «ግራ» ደግሞ የሠሪው የባዚል ግራ ስም ነው እንጂ ቀኝና ግራ ከምንለው ጋር አንዳች ግንኙነት የለውም። የፈረንሳይ ጦር ይህን ጠመንጃ የተቀበለው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1874 ነው። የአፈ ሙዙ ስፋት 11 ሚሊ ሜትር፣ የእርሳሱ ክብደት 25 ግራም ነበር። ዐሥራ ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በ1886፣ ፈረንሳዮች ፖል ቪዬይ በፈለሰፈው ጭስ አልባ ባሩድ የሚተኮሰውን ለበልን አወጡ፤ የለበልም ስፋት ወደ 8 ሚሊ ሜትር ወረደ። ያን ጊዜ ውጅግራ ከአውሮፓ ግምጃ ቤት እየወጣ ለነጋዴ ተሸጠ፤ በኦቦክና በጅቡቲ በኩልም ወደ አገራችን ገባ። በአውሮፓ ያረጀው በእኛ ዘንድ አዲስ ሆነ።

ከጠመንጃው ይልቅ ጥይቱ የመንግሥት ጉዳይ እንደ ነበረ ከአንድ ታሪክ እንረዳለን። በ1885 ዓ. ም. የኢጣልያ መንግሥት የዐፄ ምኒልክን ልብ ለማለስለስ በዶክተር ትራቨርሲ እጅ 2 ሚሊዮን ጥይት ላከ። ንጉሠ ነገሥቱ ጥይቱን ተረከቡ፤ ብዙም ሳይቆዩ፣ በየካቲት ወር፣ የውጫሌን ውል ማፍረሳቸውን ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቁ። በገበያም ቢሆን ጥይት ከአሞሌ ጨው ጋር እንደ ዝርዝር ገንዘብ ያገለገለበት ዘመን ነበር። ሰው ገንዘብ አድርጎ የሚቈጥረውን ነገር በከንቱ እንደማይተኵሰው የታወቀ ነው።

እንግዲህ ወደ ቅርጹ እንምጣ። የእርሳስ ማፍሰሻ ቅርጽ እንደ ጉጠት እጀታ ያለው፣ ለሁለት የሚከፈት ብረት ነው። ሁለቱ ክፍሎች ሲገጥሙ በመካከላቸው የጥይቱን መልክ የያዘ ጉድጓድ ይተዋሉ። እርሳስ በ327 ዲግሪ ሙቀት ስለሚቀልጥ ታላቅ ምድጃ አያስፈልገውም፤ የከሰል ፍምና ወናፍ ይበቁታል። ብረቱ ሳይሞቅ እርሳስ ቢፈስበት የሚወጣው ጥይት የተጨማደደ ይሆናል፤ ስለዚህ ባለሙያው የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ጥይቶች ለናሙና እያወጣ መልሶ ያቀልጣቸዋል።

ዋናው ጥበብ ግን ከማፍሰሱ በፊት ያለው ምርጫ ነው። የጠመንጃ ቧንቧ በውስጡ ጠመዝማዛ ቦይ አለው፤ ጥይቱን እያሾረ ቀጥ አድርጎ የሚልከው እርሱ ነው። ጥይቱ ከቦዩ ወለል ካነሰ ጭሱ በጎኑ ያመልጣል፣ ዒላማውም ይስታል። ከመጠን በላይ ከተለቀ ደግሞ ግፊቱ በተኳሹ ላይ አደጋ ያመጣል። ስለዚህ አዋቂ ሰው በጠመንጃው ላይ የተጻፈውን ቍጥር አያምንም። ባዶ መሆኑን አረጋግጦ፣ ለስላሳ እርሳስ ዘይት ቀብቶ፣ ከአፈ ሙዙ በዘንግ አስገብቶ ያሳልፈዋል። እርሳሱም የቦዩን ልክ በራሱ ላይ ይዞ ይወጣል። ቅርጹ የሚመረጠው ይህ ተለክቶ፣ ከዚያም በጥቂቱ ሰፋ ተደርጎ ነው። የውጅግራ እርሳስ ግን በወረቀት ተጠቅሎ የሚገባ ስለ ነበረ የወረቀቱ ውፍረት አስቀድሞ መቀነስ አለበት።

ስምና ልክ ምን ያህል እንደሚለያዩ የኢጣልያው ካርካኖ ጥሩ ምስክር ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1891 የወጣው ይህ ጠመንጃ 6.5 ሚሊ ሜትር ይባላል። ነገር ግን የቦዩ ወለል ሲለካ 6.8 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ይህም ተመሳሳይ ስም ካላቸው ከሌሎች አገሮች ጠመንጃዎች ይሰፋል። ዛሬም በውጭ አገር አሮጌ ጠመንጃ ሰብስበው ለስፖርት የሚተኵሱ ሰዎች ስሙን ብቻ አይተው ቅርጽ ሲገዙ ይሳሳታሉ።

ከዚህም ሌላ ትልቅ ልዩነት አለ። የውጅግራ ጥይት በሴኮንድ 450 ሜትር ያህል ይጓዝ ነበርና ለስላሳ እርሳስ ይችለዋል። ጠባብ አፈ ሙዝ ያለው ካርካኖ ግን በሴኮንድ 700 ሜትር ገደማ ይልካል። በዚህ ፍጥነት ራቁቱን የተላከ ለስላሳ እርሳስ ቦዩን ሳይዝ ይንሸራተታል፣ በቧንቧውም ውስጥ እየተለጠፈ ይቀራል። ስለዚህ ፋብሪካው እርሳሱን ጠንካራ የብረት ልብስ ያለብሰዋል። የመንደር ወናፍ ይህን ልብስ መስፋት አይችልም። እንግዲህ አዲሱ ጠመንጃ የበለጠ ቢሆንም የሚበላው ከፋብሪካ እጅ ብቻ ነው፤ አሮጌው ግን ከባለ እጁ ምድጃም ሊጐርስ ይችላል።

አድማጮቻችን፤ ይህ ልዩነት የሕይወትና የሞት ጉዳይ የሆነው በጠላት ወረራ ጊዜ ነው። ከጦርነቱ በፊት ኃያላን መንግሥታት በሁለቱም ወገን ላይ የመሣሪያ ሽያጭ ሲከለክሉ፣ ኢጣልያ መሣሪያዋን ራሷ ትሠራ ነበርና እገዳው የከበደው በኢትዮጵያ ላይ ነበር። ከ1929 ዓ. ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ የጎጃም ሕዝብ መሣሪያህን አስረክብ መባሉን እምቢ ብሎ ተነሣ። ጠላት በዳንግላና በእንጅባራ ምሽግ ሠርቶ ሲቀመጥ፣ ገጠሩ በአርበኛው እጅ ነበር። በዚያን ጊዜ ጥይት የሚገኝበት መንገድ ሁለት ነበር ለማለት ይቻላል። ካርካኖ የማረከ አርበኛ ጥይቱንም ከዚያው ከጠላት መማረክ ነበረበት። ውጅግራ የያዘው ግን ቀለሁን እየለቀመ፣ እርሳስ አስፈስሶ እንደ ገና ሊያስሞላ ይችል ነበር።

ሆኖም ነገሩን አናጋንነው። እርሳሱ በመንደር ይፈስሳል፤ ጥቁር ባሩድም በአገር ውስጥ ሲሠራ ኖሯል። ከቀለሁ ግርጌ የምትገባውን፣ ሲመቷት እሳት የምትሰጠውን ትንሽ ነገር ግን የመንደር እጅ በቀላሉ አይሠራትም ነበር። አንድ ቀለህም ብዙ ጊዜ ሲተኰስ ይሰነጠቃል። ስለዚህ አርበኛው አንዷን ጥይት ሳይተኵስ ብዙ ጊዜ ያስብ ነበር። ጀግንነቱ በመተኰስ ብቻ ሳይሆን ባለመተኰስም ነበር።

በነሐሴ 1932 ዓ. ም. ኮሎኔል ሳንድፎርድ ከሱዳን ተሻግሮ ወደ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ አገር ሲመጣና ሰፈሩን በፋግታ ሲያደርግ፣ የአርበኞቹ ዋና ጥያቄ መሣሪያና ጥይት መሆኑ አያስደንቅም። በኋላም በ1933 ዓ. ም. የዊንጌት ጦር ስንቅና ጥይት በ15,000 ያህል ግመሎች ላይ ተጭኖ ከቆላው ወደ እንጅባራ ደጋ ሲወጣ፣ ለብርድና ለዳገት ያልተፈጠሩት ግመሎች በየመንገዱ ወደቁ፤ አብዛኞቹም አለቁ። ሣጥን ጥይት ከፋብሪካ እስከ አገው ምድር ለማድረስ የሚከፈለው ዋጋ ይህን ያህል ነበር። በየካቲት ወር ጠላት ዳንግላንና እንጅባራን ለቅቆ ሲወጣ ግን ገጠሩ ይህ ጥይት ሳይደርስለት ዓመታት ተዋግቶ ነበር።

እነዚያን ዓመታት ያሻገረው ማን ነው? ስሙ በሐውልት ላይ የማይገኝ አንድ ሰው አለ፤ እርሱም ባለ እጁ ነው። በሰላም ጊዜ ቀጥቃጭ፣ ቡዳ እየተባለ ከማኅበር ይገለል የነበረው ሰው፣ በጦርነት ጊዜ የተሰበረ ቃታ እንዲጠግን፣ እርሳስ እንዲያፈስስ በሌሊት ይፈለግ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ. ም. ሠራተኛን በሙያው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ አስነግረው ነበር። አዋጁ ግን ከልማዱ ፈጥኖ አልሄደም። አገር የሚያዋርደውን ሰው እጅ በክፉ ቀን ስትለምን መገኘቷ የሚያሳፍር ነው፤ አሁንም ቢሆን የምንከፍለው ዕዳ ነው።

በየመሥሪያ ቤቱ የምትገኙ አድማጮቻችንም ከዚህ ታሪክ አንድ ቁም ነገር ትወስዳላችሁ ብለን እናምናለን። አዲስ መሣሪያ ሲገዛ ውበቱና ፍጥነቱ ብቻ አይታይ። ምን ይበላል? ምግቡን ማን ይሠራል? ሲሰበር ማን ይጠግነዋል? ብሎ መጠየቅ የመጀመሪያው ሥራ ነው። ልኩንም ከተጻፈበት ቍጥር ሳይሆን ከራሱ ከመሣሪያው መለካት ይገባል። በአገው ምድር የአርበኛውን ጠመንጃ ያናገረው ባለ እጅ ይህን ያለ መጽሐፍ ያውቀው ነበር፤ ለእያንዳንዱ አፈ ሙዝ የራሱን እርሳስ ይመርጥ ነበርና።