ነጭ ሸራ ጫማ

እስቲ ጠጋ በሉ፤ በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ ግዛት ስለሚፈሰው ስለ ፓተክሰንት ወንዝ ላውጋችሁ። ወንዙ ዛሬ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በዋሽንግተንና በባልቲሞር መካከል አልፎ ወደ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ይወርዳል። ከታች፣ የወንዙ ውኃ ከባሕሩ ጨው ጋር በሚቀላቀልበት ዳርቻ፣ ብሩምስ አይላንድ የምትባል የዓሣ አስጋሪዎች መንደር አለች።

በርኒ ፋውለር የሚባሉ ሰው በዚያች መንደር ጀልባ ያከራዩ ነበር። ዘመኑ 1950ዎቹ ነው፤ የምጠቅሰው ዓመት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው። ሰውየው እስከ ደረታቸው ውኃ ውስጥ ገብተው ቁልቁል ሲያዩ፣ የገዛ እግራቸውም፣ በሣሩ መሐል የሚሽሎከለከው ሸርጣንም ፍንትው ብሎ ይታያቸዋል። መረባቸውን ሰደድ አድርገው ሸርጣኑን ማንሳት ነው!

ከዚያማ ላይኛው ተፋሰስ በቤትና በመንገድ ተሞላ። የከተማው ፍሳሽ ቢጣራም ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ይዞ ይወርድ ነበር፤ የእርሻውም ማዳበሪያ ታጥቦ ይጨመርበታል። ይህን የበላው አልጌ ፈላ፤ ውኃው ደፈረሰ፤ ከሥር ላለው ሣር ብርሃን አልደርስ አለው። ሣሩ ሲጠፋ የሸርጣን ግልገል መደበቂያ አጣ። አልጌውም ሞቶ ሲበሰብስ፣ ዓሣ የሚተነፍሰውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል።

የታችኛው ተፋሰስ ሦስት ወረዳዎች ዝም አላሉም። በ1970ዎቹ መጨረሻ መንግሥትን ፍርድ ቤት አቆሙ፤ ፋውለርም ከግንባር ቀደሞቹ አንዱ ነበሩ። በ1981 ላይኞቹና ታችኞቹ አንድ ላይ ተቀምጠው ወንዙን ለማዳን ተስማሙ። ግን ውኃው መዳን አለመዳኑን ሕዝቡ በምን ይወቅ?

ሳይንቲስቶቹ ናይትሮጅኑንም ኦክስጅኑንም በሚሊግራም ይለካሉ፤ ደግሞም የግድ ነው። የውኃን ጥራት በዓይን መለካትም የቆየ ጥበብ ነው። በ1865 አንጄሎ ሴኪ የተባሉ ጣሊያናዊ ቄስና የሥነ ፈለክ ሊቅ፣ ከጳጳሱ መርከብ ላይ ነጭ ሳህን በገመድ ወደ ሜዲትራኒያን እያወረዱ ከዓይን የሚሰወርበትን ጥልቀት መዝግበዋል። ሳህኑ ዛሬም በየባሕሩ ይሠራበታል። ፋውለር በሳህኑ ፈንታ ጫማቸውን አዋሉ።

በ1988፣ ያኔ የግዛቲቱ ሴናተር ሆነው ሳለ፣ ቱታ ለብሰው፣ ነጭ ሸራ ጫማ ተጫምተው፣ ከጎረቤቶቻቸው ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው ወደ ወንዙ ገቡ። ዓይናቸው ከጫማቸው አልተነቀለም። ጫማው ሲሰወር ቆሙ፤ ወጡ፤ ቱታው ላይ የረጠበው መስመር ከመሬት ጀምሮ ተለካ። 10 ኢንች! 25 ሴንቲሜትር ማለት ነው፤ ጉልበት እንኳ አይደርስም።

በወጣትነታቸው ጫማቸውን ያዩበት የነበረው ጥልቀት ደግሞ 63 ኢንች ነው፤ ግባቸው ያደረጉት እሱን ነው። እኔን ከሁሉ የሚደንቀኝ ይህ ነው። የድሮውን ውኃ ያላየ ትውልድ፣ 10ሩ 20 ሲሆንለት «ወንዙ ዳነ» ብሎ ሊያርፍ ይችላል፤ እሳቸው ግን በየዓመቱ ሰኔ ላይ ያንኑ 63 ይዘው ይመጡ ነበር። በ1997 ልኩ 44 ኢንች ተኩል ደረሰና ብዙዎች ተስፋ አደረጉ፤ ከዚያ ወዲህ ተመልሶ ወረደ። ዝናብ የበዛበት ዓመት ደለሉንም ማዳበሪያውንም ጠራርጎ ስለሚያመጣ አንድ ዓመት ብቻውን አያስፈርድም፤ እሳቸውም ዓመት ሳይመርጡ መለካታቸው የጠቀመው ለዚህ ነው።

ፋውለር በ97 ዓመታቸው፣ በታኅሣሥ 2021 አረፉ፤ 63ቱን ሳያዩ። የአካባቢው ሰው ግን ዛሬም ሰኔ ሲመጣ እጅ ለእጅ ተያይዞ ወደ ወንዙ ይገባል፤ ልጆችም አሉበት።