«ዐፅም» እና «ቅሪት»፦ ስለ አንድ ስያሜ

በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ፣ አማርኛ ተናጋሪ «ዐፅም» ሲባል የሚታየው አጥንት ነው። የካቶሊካውያንን የሰማዕታት ታሪክ የሚተረጉም ሰው የሚያጋጥመው የላቲን ቃል፣ «ረሊኩዌ»፣ ግን መሠረተ ትርጉሙ «የተረፈ» ነው፤ አጥንትን፣ ዐመድንና ልብስን ሁሉ ያጠቃልላል።

ለጥንት ሰማዕታት ብዙ አንቸገርም። የቀዳሜ ሰማዕት እስጢፋኖስ ዐፅም በ415 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) መገኘቱ ተመዝግቧል፤ ስንክሳራችንም ፍልሰቱን መስከረም 15 ቀን ያስባል። ላቲኖች «ትራንስላሲዮ» ለሚሉት ሥርዓት ግእዝ «ፍልሰተ ዐፅም» የሚል ስያሜ ስላለው አዲስ ቃል መፍጠር አያሻም።

ችግሩ የሚጎላው በጎጃም ተወላጅ በአባ ገብረ ሚካኤል ጉዳይ ነው። በመርጡለ ማርያም አካባቢ የተወለዱት እኒህ መነኩሴ ካቶሊክ ከሆኑ በኋላ በ1855 (እ.ኤ.አ.) በእስር ሳሉ ዐረፉ፤ ሮምም በ1926 ከብፁዓን ሰማዕታት ቈጠረቻቸው። መቃብራቸው ግን ተለይቶ አልታወቀም። እንግዲህ የእርሳቸው ነበረ የሚባል ልብስ ቢኖርና ተርጓሚው «ዐፅም» ቢለው፣ ያልተገኘው አጥንት እንደ ተገኘ መመስከሩ ነው። «ንዋየ ቅድሳት» ቢልም ጽዋንና ጻሕልን ያስታውሳል።

የትርጉሙ ጥንቃቄ ከሥርዓቱ ጋር ይስማማል፤ የ2017 የቫቲካን መመሪያ፣ የቤተ ክርስቲያን ባለሥልጣን የእውነተኛነት ማስረጃ ያልሰጠበት ቅሪት ለምእመናን አክብሮት እንዳይቀርብ ይከለክላልና።

ስለዚህ ለጠቅላላው «ቅዱስ ቅሪት»፣ ለአጥንት ብቻ «ዐፅም»፣ «አውተንቲካ» ለሚባለው ጽሑፍም «የቅሪት ማስረጃ» እንዲባል ሐሳብ እናቀርባለን።